ገና ባልተሠራው ድልድይ ላይ ስለጠፉት ቅርንጫፎቻችን

ለክቡር ኩንዱ ማቼሶ
የካውንቲያችን የመንገድና የድልድይ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የሾፌርዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ያረድንልዎ ዶሮ ተስማምቶዎት ከሆነ፣ እኛም ከዶሮው በቀር ሁላችን ደህና ነን።

የጎረቤታችን የማማ ናሊያካ የማንጎ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ መሰወሩን በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን።

እንደሚያስታውሱት፣ የሉሳሙን ወንዝ ድልድይ ሲመርቁ የሚያሳየው ቪዲዮ የተቀረጸው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ነው። ድልድዩ ገና ስላልተሠራ ከጀርባዎ አረንጓዴ ጨርቅ ተሰቀለ። ካሜራ የያዘው የእህትዎ ልጅም «አታስቡ፣ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ጠርጎ ድልድይ ይተካበታል» ብሎ አረጋጋን። ቃሉንም ጠበቀ። ያለ ድንጋይና ያለ ሲሚንቶ በአንድ ከሰዓት ድልድይ ያቆመ ሹም ከእርስዎ በፊት አላየንምና ምስጋናችን ወደር የለውም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች አሉን።

፩. ስለ መብራቱ። ጨርቁ እንደተጨማደደ ነበር፤ መብራቱም አንድ ብቻ፣ እሱም እርስዎ ላይ። ጥላ ያረፈበትን ማዕዘን ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ነው ብሎ ስላላመነ፣ ከድልድዩ በላይ ሰማይ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ማማ ናሊያካ «ክቡር ምሄሺሚዋ፣ ከጨርቁ ራቅ ይበሉ እንጂ፤ ፊትዎ እኮ ጎመን መሰለ!» ብትል፣ «እናቴ፣ ከገዛ ድልድዬ ወዴት ልሽሽ?» አሏት። የጨርቁ ነጸብራቅ ያረፈበትን ጆሮዎንም ኮምፒውተሩ ጨርቅ መስሎት ጠረገው፤ በጆሮዎ ቦታ አሁን ወንዝ ይፈስሳል። የሚሰማን ጆሮ ማጣቱን ከቪዲዮው በፊትም ስለለመድነው አናካብደውም።

፪. ስለ ቅርንጫፎቹ። እንግዳ የምንቀበለው ለምለም ቅርንጫፍ እያውለበለብን መሆኑን የአገር ልጅ ነዎትና ያውቃሉ፤ በቀረጻውም ዕለት እንዲሁ አደረግን። ኮምፒውተሩ ግን የአገር ልጅ አይደለም። ቅጠሉን ከነለጋ ዘንጉ ጠረገና እጃችንን ብቻ ተወልን። በቪዲዮው መንደርተኛው በሙሉ ቡጢውን እየነቀነቀ ይዝትብዎታል፤ እርስዎም በፈገግታ ያመሰግናሉ። የመንደራችን አስተዳዳሪ፣ ቺፋችን፣ ይህን አይቶ «ምሄሺሚዋን ልትደበድቡ ነበር?» ብሎ አፋጠጠን። ማማ ናሊያካም «ልጄ፣ ለድብደባ ቢሆን ኖሮ ቅጠል ይዤ እመጣ ነበር?» አለችው። ቡጢ ያለመጨበጣችንን በዚህ ደብዳቤ በአክብሮት እናረጋግጣለን።

፫. ስለ ክሊኒኩ። ይህቺ እንኳ ትንሽ ናት። ቪዲዮው በካውንቲው ስብሰባ ከታየ በኋላ፣ «ድልድይ ካላቸው የማዶው ሆስፒታል ይበቃቸዋል» ተብሎ የመንደራችን ክሊኒክ ተዘጋ። አዋላጇም ወደ ማዶ ተዛውራለች፤ የተሻገረችው በጀልባ ነው። ልጄ ናፉላ የመውለጃ ወሯ ገብቷል፣ ዝናቡም ገብቷል፤ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጀልባ የሚደፍረው የለም። «አባባ፣ ምጡ ሲመጣ በየት ልሻገር?» ብትለኝ ስልኬን ከፍቼ ድልድዩን አሳየኋት። «ጥሩ መንገድ ነው» አለች፣ «ስልክ ውስጥ ለሚወልድ።»

ስለዚህ ድልድዩን ከኮምፒውተሩ አውጥተው ወንዙ ላይ እንዲያኖሩልን፣ ይህ እስኪሆን ድረስም አዋላጇን እንዲመልሱልን እጅ ነስተን እንለምናለን።

ረጅም ዕድሜ፣ የተስተካከለ ብርሃንና ሁለት ሙሉ ጆሮ እየተመኘሁልዎ፣ ከማይለካ ትሕትና ጋር፣

ዊክሊፍ ሙኮያ
በቪዲዮው ከግራ ሦስተኛው ቡጢ

ተጨማሪ፦ በሚቀጥለው ጉብኝትዎ እባክዎ በራስዎ ድልድይ በኩል ይምጡ። ፎጣ ይዘን እንጠብቅዎታለን።

ማረሚያ፦ በተራ ቁጥር ፪ ቡጢ አልጨበጥንም ያልነው ክሊኒኩ እስከተዘጋበት ዕለት ድረስ ላለው ጊዜ ብቻ ሆኖ ይነበብ።