ሳጥኑን ማን ነካው

ማክ. ኦክቶበር 16፣ ጠዋት

ዛሬም አልከፈት አለ። ሳሎን ቲቪው ሥር ያስቀመጥኩት ኮምፒውተር፣ አባዬ «ሳጥኑ» የሚለው፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ውስጥ እንደ ልቡ ያጫውታል። እህቴ ሂሩት ግን አሌክሳንድሪያ ቤቷ ሆና በኢንተርኔት ስትገባበት ዝም። ከትናንት ጀምሮ። ዋይፋይ አጥፍቼ በስልኬ ኔት ሞከርኩ። ለእኔም ዝም።

ደብተሬ፣ አትሳቂ። ኮሌጁን ሁለት ሴሚስተር አይቼ ተውኩት እንጂ ሳጥኑን ማንም ሳያስተምረኝ ነው የገጣጠምኩት። የቤተሰቡ ቪዲዮ በሙሉ እዚያ ነው። በራሱ አይበላሽም። ሰው ነክቶታል።

ከሰዓት

ሂሩት ኮል አደረገችኝ። ሰላምታ የለም፤ ምን አደረግከው ነው። ምንም አልኩ። አንተ ምንም ስትል ነው የምፈራው አለች።

ነገሩ ቀላል አይደለም። አማቷ እትዬ ዘነበች ዓርብ ከአዲስ አበባ ይገባሉ። ልጃቸው ሂሩትን ሲያገባ ቪዛ ተከልክለው ሠርጉ ላይ አልነበሩም። ሂሩት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቪዲዮውን በትልቁ ቲቪ አሳይዎታለሁ ብላ ቃል ገብታለች። ሠርጉ ያለው ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ብቻ። በፍላሽ ገልብጬ ላምጣልሽ አልኳት። እምቢ። ባለፈው የልደቷን ቪዲዮ በፍላሽ ስሰጣት፣ ሻማዋን እፍ ስትል የከተትኩበት ፍየል ጮኸ። (እኔን ብትጠይቂኝ ያምር ነበር።) ካንተ እጅ ፍላሽ አልቀበልም፣ ቀጥታ ከሳጥኑ ነው የማየው አለች። ሳጥኑን አባዬ ስለሚጠብቀው ታምነዋለች።

ረቡ. ኦክ. 17

ተጠርጣሪ አንድ፦ ሽመልስ። ቤዝመንታችንን የተከራየው። ዋይፋያችንን በነፃ ይጠጣል። ትናንት ሳጥኑን ማን ነካው ብዬ ስጠይቅ ፈገግ አለ። ንፁህ ሰው ለምን ፈገግ ይላል?

የዋይፋዩን ስም «ሽመልስ ምን ነካህ» ብዬ ቀየርኩት። ፓስወርዱንም። ብዙ ሳይቆይ ወደ ላይ ወጣ። አሞሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ በትህትና። ሰኞ ሙሉ ቀን ጌይተርስበርግ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ከፈለግክ ማናጀሬን ጠይቅ አለ። ማናጀር ድረስ የሚያስኬድ ነገር አልነበረም። ፓስወርዱን ሰጠሁት። ስሙን ግን አልመለስኩም።

ራውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ለሳጥኑ የከፈትኩትን መግቢያ ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ። ምንም። ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ከውጭ አይሠራም። እንደዚህ ዓይነት ተንኮል የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አይደለሁም። መሰለኝ። ሂሩት እኮ ራሴን ልታስጠረጥረኝ ነው።

አባዬን ጠየቅኩ። ሳጥኑን ነክተሃል? አልነካሁም። ዓይኑን ከቲቪው አላነሳም። ልብ በይልኝ ደብተሬ፣ አላነሳም።

ሐሙ. ኦክ. 18፣ ከሥራ መልስ

ዛሬ በስልኬ ስሞክር ሳጥኑ የሚጽፍልኝን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ኦኬ ነበር የምለው። ከውጭ የሚገባን ሰው እንደ መታወቂያ የሚጠይቀው የምስክር ወረቀት ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል። አላለፈም፤ አልደረሰም። ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው? ሳጥኑ ራሱ እየቀለደብኝ ነው። በእኔ መቀለድ የእኔ ሥራ ነው።

ከእራት በፊት

ያዝኩት።

አባዬ ስልክ ላይ ነበር። የማኅበር ጓደኛው የሚካኤል ዝክር መቼ ነው ብሎ ጠየቀው መሰለኝ። አባዬ ቀና ብሎ ቲቪውን አየና፣ ዛሬ ስምንት ነው፣ ሰኞ ይውላል አለ። ቲቪውን! እኔም አየሁ። ጥግ ላይ ሳጥኑ የሚያሳየው ቀን፦ ፌብሩወሪ 8፣ 2005።

ጥቅምት ስምንት፣ ሁለት ሺህ አምስት። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ፌብሩወሪ አድርጎታል።

ገባሽ? ሳጥኑ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲያንኳኳ የምስክር ወረቀቱ ይታያል፣ ወረቀቱ ደግሞ አምና የተጻፈ ነው። ለሳጥኑ ገና አልተወለደም። ቤት ውስጥ ወረቀት የሚጠይቅ የለም፣ ስለዚህ ይሠራል።

አልነካሁም አላልክም ወይ አልኩት። «አልነካሁም። አስተካከልኩት እንጂ። የተሳሳተ ቀን ነበር የሚያሳየው።» ደጋግሞ ወደ ፈረንጁ ቀን እየተመለሰበት ስላስቸገረው፣ ቀኑን በራስህ አስተካክል የምትለዋን ምልክትም ፈልጎ አጥፍቷታል። ማን አስተማረህ ስለው፣ አንተን እያየሁ አለ። ቤቴ ነው፣ በእኔ ቀን ይቁጠር አለ።

ቀኑን መለስኩት። ወዲያው በስልኬ ኔት ተከፈተ። የሂሩት ሠርግ፣ ኬኩ፣ ሁሉም።

ዓር. ኦክ. 19

ለሂሩት ልደውል ስል አባዬ ስልኬን ያዘ። ኩም ብሏል። ለካ ረቡዕ ዕለት እትዬ ዘነበች ጋ ደውሎ፣ ይሄ ጥጋበኛ ልጄ ነው የሠርጉን ቪዲዮ ለቀልድ ብሎ የዘጋው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሏቸዋል። ስሜን ሰጥቶ! ሳይጠይቀኝ! አሁን እኔ ነበርኩ ብሎ አማት ፊት መቆም አይችልም። ገና በዓይን እንኳ አልተያዩም።

እና እኔ ልሁንልህ? አልኩት።

መኪናውን ቅዳሜ ቅዳሜ ውሰድ አለ።

እሁድንም አልኩ። ቤተ ክርስቲያን በምን ልሂድ አለ። ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ጨዋ ነኝ።

ለሂሩት ተስተካክሏል ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ምን ከተትክበት ብላ መለሰች።

ቅዳ. ኦክ. 20፣ አሌክሳንድሪያ

ሠርጉ ሠራ። አንዴም አልቆመም። ሂሩት ሪሞቱን እንደ ሽጉጥ ይዛ ፍየሉን ስትጠብቅ ነበር። አልመጣም።

እትዬ ዘነበች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከቲቪው ጋር ያወራሉ። ልጃቸው ሲገባ ቀና በል፣ ከረባትህ ዞሯል ይሉታል። እሱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ከረባት ሳያስር አንገቱን ነካ ነካ ያደርጋል። አንድ ቦታ ላይ ባዶ ወንበር ታየ፣ ለእሳቸው የተተወው። አቁሙልኝ አሉ። ቆመ። ከዚያ ቀጥሉ አሉ።

ሲያልቅ ያ የዘጋው ልጅ የቱ ነው ብለው ጠየቁ። ሂሩት ጣቷን ወደ እኔ። አባዬ ምንጣፉን ያያል።

እኔ ነኝ እትዬ፣ ለቀልድ ነው አልኩ።

ጆሮዬን ያዙ። «ቆይ፣ አንተም ስታገባ መብራቱን የማጠፋው እኔ ነኝ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ሂሩት ግን አልሳቀችም፤ እኔን ታያለች።

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ የመኪናውን ቁልፍ ወረወረልኝ። ራሱ ጎን ተቀምጦ፣ መንገዱን ሙሉ ፍሬን ያዝ ሲለኝ ደረስን።

እሑ. ኦክ. 21፣ ጠዋት

ሂሩት ቴክስት ልካለች። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦ «አንተ ሠርተኸው ቢሆን ኖሮ ትናንት ከሁሉም በላይ የምትስቀው አንተ ነበርክ። አልሳቅክም። ማንን ነው የምትሸፍነው?»

አየሽ? ሳላጠፋ አጥፊ ነህ አለችኝ። አጠፋሁ ስል ደግሞ ንፁህ ነህ ብላ ጠረጠረችኝ። ከዚች ልጅ ጋር መኖር አይቻልም።

ስልኩ ጠራ። እሷው ነች። አባዬ ነጠላውን እንዳደረገ በር ላይ ቆሞ፣ ማነው ይላል በዓይኑ።

ቃሌን አልለውጥም። እየሳቅኩ ነው የማነሳው።