የካምፑ ዳቦ ምድጃ አልፈረሰም

ይድረስ ለባየው፣ እነዋሪ

አንተ ባየው፣ አለሁ፤ ጉልበቴም አልከዳኝም። ከአልዩ አምባ በላይ፣ ቆላውን ቁልቁል እያየን የጠበቅንበት ካምፕ ደርሻለሁ። በደርግ ጊዜ ያ ሁሉ ወታደር ያደረበት ግቢ ዛሬ ማሽላ ተዘርቶበታል። ጦሩ ጥሎት ሲወጣ ቆርቆሮውን ሰው ወሰደው፤ የመቶ አለቃው ቤትም ፈርሷል። አንተ "በመጀመሪያው ክረምት ተንዷል" እያልክ ሰው ፊት የምትስቅብኝ የዳቦ ምድጃዬ ግን ቆሟል! አንገቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ አንዲት ሴት "አባባ፣ ዛሬ የምጋግረው እርስዎን ነው እንዴ?" አለችኝ። ኩብራ ትባላለች፤ ለገበያ ትጋግርበታለች። ዳቦዋ እነዋሪ ከምንበላው ይጣፍጣል። እኔ ለጦሩ ከጋገርኩትም ይሻላል፤ ይህን ለማንም አትንገር። "ምድጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ" ስላት ክው አለች። ለካስ ሞቷል ብላ፣ ጠዋት ጠዋት እሳት ስታነድ "ለሠራው አላህ ይዘንለት" ትል ኖሯል። "ተይ፣ አለሁ! ዕድሜ ለምኝልኝ" አልኳት።

ይህን የምትጽፍልኝ የኩብራ ልጅ ነጅዋ ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀ ትለኛለች። ባለቤትህን እናትነሽን ሰላም በልልኝ። የምድጃውን ጭቃ ያቦካኸው አንተ ነህና፣ ከዛሬ ጀምሮ ኩብራ ዕድሜ የምትለምነው ለሁለታችን ነው።

ወልደጻድቅ