ከቅንፍ ሁሉ ውጭ ስለኖሩት ስለ ክቡር ቆጣሪ ከአገልግሎት መሰናበት

የስፋቅስ ከተማ ወይራ ሰፈር የፕሮግራም ጸሐፊዎች ማህበር፣ ለአስራ አምስት ዓመታት ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ቁጥር ሲይዙልን የኖሩት አንጋፋው ተለዋዋጭ (በፕሮግራም ውስጥ ቁጥር የሚቀመጥበት ስም)፣ ክቡር ቆጣሪ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2024 ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በመሰረዛቸው የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። የሐዘኑን ጥልቀት የሚጠራጠር አባል ካለ፣ በጠቅላላ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ የጸደቀ መሆኑን እናስታውሳለን።

ክቡር ቆጣሪ በ2009 በመሥራቻችን በሲ ሐሽሚ («ሲ» በእኛ ዘንድ አቶ እንደማለት ነው) እጅ፣ በፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር ላይ ተወለዱ። የፕሮግራም ክፍል ሁሉ በቅንፍ ይታጠራል፤ በቅንፍ ውስጥ የታወጀ ስም ከዚያ ውጭ አይታወቅም። እሳቸው ግን ከቅንፍ ሁሉ ውጭ ስለታወጁ ሁሉም ያያቸዋል፣ ሁሉም ይጠራቸዋል። ቤት አልነበራቸውም፤ የማይገቡበት ቤትም አልነበረም።

በ2012 ማህበሩ ለተማሪዎች የራሱን የፕሮግራም ቋንቋ ሲሠራ፣ ማንም አባል በራሱ ቅንፍ ውስጥ ሌላ "ቆጣሪ" እንዳያውጅ ደነገገ። ምክንያቱ የሙያ አልነበረም። ሲ ሐሽሚ በሕይወት ቁጭ ብለው ሳሉ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው ተብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጥብ የሚደምረውም፣ ሰልፍ የሚቆጥረውም እኚህኑ አንድ አዛውንት ይጠራ ጀመር። እምቢ ብለው አያውቁም። በሽታቸውም ይኸው ነበር።

ኖቬምበር 2023 ሰማንያ አባላት በሁለት አውቶቡስ ለውድድር ወደ ቱኒስ ሊሄዱ ነበር። የስም ዝርዝሩን የሚያወጣው ፕሮግራም አውቶቡሶቹን በክቡርነታቸው ቆጠረ፤ በየአውቶቡሱ ውስጥ ያሉትን አርባ ወንበሮችም በክቡርነታቸው ቆጠረ። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ወንበሮች ጨርሰው፣ ከአርባኛው ቀጥሎ ሌላ መኖሩን ለማየት አንድ ጨምረው ሲወጡ አርባ አንድ ላይ ነበሩ። ፕሮግራሙም ይህን የአውቶቡስ ቁጥር አድርጎ ወስዶ፣ ያለን አውቶቡስ ሁለት ነው፣ እኛ አርባዎቹን አልፈናል ብሎ ሥራውን ዘጋ። አጎቴ ለማለት «ዓም» የምንላቸው የሁለተኛው አውቶቡስ ሹፌር ዓም ሸድሊ ዝርዝር የሌለው ሰው አልጭንም አሉ፤ ሂድ የተባሉ ሰው ናቸውና ባዶ አውቶቡሳቸውን ይዘው ቱኒስ ደርሰው ተመለሱ። አርባ አባላት የቱና ሳንድዊቻቸውን መንገድ ዳር በሉ።

ከነዚህ አንዷ ወይዘሪት አሽዋቅ ነበረች። ዕድሜዋ የሚፈቅድላት አንድ ውድድር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የኤፕሪል 12ቱ።

በዚያው የብርድ ወራት ወይዘሪት አሽዋቅ ለቋንቋችን አዲስ አንባቢ፣ ማለትም የጻፍነውን እያነበበ የሚፈጽም ፕሮግራም ጻፈች። አንባቢው ቅንፍ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ደብተር ይከፍታል፤ እዚያ የታወጀውን ስም ይመዘግባል፤ ስም ሲጠራ መጀመሪያ የውስጡን ደብተር፣ ካጣ የውጭውን ያያል፤ ቅንፉ ሲዘጋ ደብተሩን ቀዶ ይጥላል። የትም ያልታወጀ ስም ካገኘ ቆሞ ይናገራል። ሥራው ለውድድር የሚቀርበው ግን ሲ ሐሽሚ ከፈረሙ ነው። እሳቸው ደግሞ ክቡር ቆጣሪን የሚነካ ወረቀት ላይ አልፈርምም ብለው የብርዱን ወራት ሙሉ ብዕራቸውን ደበቁ።

በመጨረሻው ቀን ረፋድ ላይ፣ "ልጄን የምትገድይብኝ ምን አድርጎሽ ነው?" አሏት።

"ማንንም አልገድልም፣ ሲ ሐሽሚ። አውቶቡሱ የራሱ ቆጣሪ ይኖረዋል፣ ወንበሩም የራሱ። አንዱ አንዱን አይነካውም።"

ሲ ሐሽሚ አዲሱን ዝርዝር ገልብጠው ገልብጠው አዩ። "እኔስ የት ነው የምቀመጠው?"

"ሁለተኛው አውቶቡስ፣ አርባኛው ወንበር።"

ሲ ሐሽሚ የመጀመሪያውን መስመር በገዛ እጃቸው ሰረዙ፤ ለፊርማውም ብዕሩ ከኮት ኪሳቸው ተገኘ።

ማህበሩ ለወላጅ አባታቸው ለሲ ሐሽሚ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ለመደመሪያና ለመቀነሻ፣ እንዲሁም እሳቸውን ተማምነው ምንም ሳያውጁ ለኖሩ አባላት ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ክቡርነታቸው በየቅንፉ የሚወለዱ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ ቅንፉ ሲዘጋ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉ ብዙ ስመ ሞክሼዎች ትተዋል። ለእነሱ መግለጫ አይወጣም።

ኤፕሪል 12 ቀን 2024
ወደ ቱኒስ በመጓዝ ላይ፣ ከሁለተኛው አውቶቡስ። ዓም ሸድሊ ሁለት ጊዜ ቆጥረውናል፤ ባዶ ወንበር የለም።