የሰዓሊው ዝግ በር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ጠዋት 3 ሰዓት
ዛሬም መጣሁ። ቆለፍኩ። ተቀመጥኩ። ሸራው ነጭ ነው። ደብተሬ፣ ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ስምንት ወር ሙሉ አንዲት መስመር አላሰመርኩም። ሚስቴ ሂሩት እዚህ ሰው አገር፣ ንቲንዳ በሚባል ሰፈር፣ ጸጉር ቤት ስትሠራ ትውላለች፣ እኔ ተከራይተን በያዝነው ክፍል እንድሥል። ባሌ ለኤግዚቢሽን እየተዘጋጀ ነው ትላለች ላገኘችው ሁሉ። ተነሣሁ። መስኮት። ተቀመጥኩ። ዝናብ።

ቅዳሜ፣ ኅ. 13፤ ከሰዓት በኋላ
ሂሩት ጎትታ አወጣችኝ። አንድ የሞቱ ሰዓሊ ቤት፣ አሁን ሙዚየም የሆነ። ኮረብታ ላይ ነው፤ ጓሮው ማቶኬ፣ የሚቀቀለው ሙዝ። የሚያስጎበኙት ባለቤታቸው ናቸው፣ አሮጊት። ብሩሾቹ እንደነበሩ፣ ሸሚዙ ሚስማር ላይ። እስከ መጨረሻው ቀን ሲሥል ኖረ አሉን። ሂሩት ኮራ ብላ አየችኝ። ምነው መሬት በዋጠችኝ።

እሷ ጓሮውን ልታይ ስትወጣ አሮጊቷ ሙያዬን ጠየቁኝ። ሰዓሊ ነበርኩ አልኳቸው። "ነበርኩ" ማለቴን ያዙት። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለካ ባላቸው በመጨረሻው ዘጠኝ ዓመት ምንም አልሣሉም። ገብተው ይቆልፋሉ። አሮጊቷ ሻይ ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ፣ የብሩሽ ድምፅ ለመስማት። የለም። ሻዩን ይዘው ይመለሳሉ።

"ሳልጠይቀው ሞተ" አሉኝ። "ለጎብኚ ይህን እንዴት ልናገር?"

እሑድ
ቅዳሴ ላይ ቆሜ ልቤ እዚያ በር ላይ። ቤት ስንመለስ በሂሩት ላይ ጮህኩ፣ ያለ ምክንያት። ይቅርታ አላልኩም። ጫማዬን አደረግሁ፣ ወጣሁ፣ መንገዱን ዞሬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ኅ. 16፤ ጠዋት
ነገርኳት። ቁርስ ላይ፣ ቦዳው፣ የሞተር ታክሲው፣ ደጅ እየጠበቃት። ጮኸች። ስምንት ወር አሞኘኸኝ አለች፣ ሰው ፊት አዋረድከኝ። ቦዳውን መለሰችው። አለቀሰች። እኔም።

ቆይታ፣ "ያገባሁት ሥዕል ነው እንዴ?" አለችኝ። "ለምን ብቻህን ትቆለፋለህ?"
የክፍሉን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ኅ. 19፤ 10 ሰዓት
የሥዕሉን ክፍል ለቀቅን። ሂሩት አሁንም ታኮርፋለች፣ ግን ታወራኛለች። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ታፔላ እንድሥልላት ጠየቀችኝ። እሺ አልኩ። ቀይ ይሁን አለች። የትኛው ቀይ አልኳት። የበሰለ ቡና፣ የዚህ አገር አፈር፣ ትኩስ በርበሬ... እያልኩ ስቀጥል ሂሩት ማበጠሪያዋን እንደያዘች ሣቀች። ቀለም ቤቱ ሳይዘጋ ልሂድ፣ ሂሩት በሩን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነው።