ያላስተማሩትን ምዕራፍ ስላላጸደቁት ባልደረባችን

የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ተቋማችን የሳይንስ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ባልደረባችን ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ረቡዕ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። መላው ሠራተኛ ከልብ አዝኗል። ያረፉት እሳቸው አልፈርምበትም ያሉት የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት በገባበት ሳምንት በመሆኑ፣ ሐዘናችን ጸጸትም አለበት።

በ1979 ዓ.ም. በአንደኛ ደረጃ መምህርነት ሥራ ጀምረው፣ ሰማንያ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት አስተምረዋል።

በ1990 ዓ.ም. ወደ ተቋማችን ተዛወሩ። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ስሕተት ነበረበት፤ ራሳቸውም ሳይሸሽጉ ይናገሩት ነበር። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች በአሥረኛው ሳምንት ባቄላ ዘርተው በአሥራ አንደኛው ቁመቱን እንዲለኩ ያዛል። እኛ ቢሮ ተቀምጠን ሳምንቱን ከአንድ እስከ ሠላሳ አራት ስንቆጥር፣ በሁለቱ ሳምንታት መካከል ትምህርት ቤት ለዕረፍት እንደሚዘጋ ማንም ልብ አላለም። ልጆቹ ከዕረፍት ሲመለሱ ባቄላው ደርቆ ጠበቃቸው። አንዲት መምህርት በጻፉት ደብዳቤ፣ ልጆቹ «ቲቸር፣ እኛ ነን የገደልነው?» ብለው እንደጠየቋቸው ገልጸዋል።

በ1992 ዓ.ም. ማንኛውም ምዕራፍ ከመጽደቁ በፊት አዘጋጁ ራሱ ክፍል ገብቶ እንዲያስተምረው የሚያዝ ደንብ አስወሰኑ። እሳቸውም ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት በአቅራቢያችን ባለው ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ስብሰባ የሚገቡት እጅጌያቸው ነጭ ሆኖ ስለነበር «እትዬ ጠመኔ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ከዋና ዳይሬክተሩ በቀር ሁሉም በፊታቸው በዚሁ ስም ይጠራቸው ነበር። መጽሐፍ ማከፋፈል ብቻ ከአርባው ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ዘጠኙን እንደሚበላ በሰዓት ለክተው ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ቃላት የበዛበት ዕቅድ ሲቀርብላቸው ከዳር «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ጽፈው ይመልሱታል።

ባለፈው ዓመት ጊዜ አጠረን ብለን ደንቡን አነሣነው። ተቃወሙ፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። በመጨረሻው ስብሰባ የተናገሩት በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፦ «እኔ አልፈርምም። እናንተ ግን እስቲ አንዷን ምዕራፍ አስተምሯትና ተመለሱ።» ማንም አልሄደም። ሁላችንም ሥራ በዝቶብን ነበር።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ልጆቻቸው፣ ለታናሽ እኅታቸውና በየክፍሉ ለሚደክሙ መምህራን ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

የማክሰኞ ተማሪዎቻቸውን ለማርዳት ትናንት ሦስት ባልደረቦቻችን ወደ አምስተኛ ክፍል ሄደው ነበር። ልጆቹ አለቀሱ፤ ቀጥሎም ደብተራቸውን አውጥተው ጠበቁ። ባልደረቦቻችንም የአዲሱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። ትምህርቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያልቅ የታቀደ ነው። ደወሉ ሲደወል ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበሩ።

መጽሐፉን ዛሬ ጠዋት ከማተሚያ ቤት መልሰነዋል። እትዬ፣ ይቅር ይበሉን።