ልጆቻችሁን አትሸፍኑብኝ

እምዬ፣ ነፍስሽ በሰላም ትረፍ። ከተለየሽን ሦስተኛው ክረምት እየወጣ ነው።

ቤታችን ደኅና ነው። ጣራውን ቆርቆሮ አለበስነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው አያናግርምና አንቺ ብትኖሪ ስትራገሚው ትውዪ ነበር። አፈር የምናወጣበት ገደል ስለተናደ አሁን ከወንዙ ማዶ ነው የምንቆፍረው። የልጅ ልጅሽ አስቴር በቁመት በልጣኛለች። ሸክላ መሥራትም ጀምራለች። እጇ ያንቺ ነው፤ ትዕግሥትሽን ግን አልወረሰችም፣ ጭራሽ የላትም።

ዛሬ የማጫውትሽ ስለ ዐይንሽ ነው። ዳባት ገበያ ስትቀመጪ ዐይንሽ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነበር። ሕፃን ያዘለች ሴት ስታልፍ አንቺ ነጠላሽን ወደ ግንባርሽ ትስቢያለሽ፤ እሷም የልጇን ፊት ትሸፍናለች። ቤተ እስራኤል ስለሆንን፣ ወንዶቻችን ብረት ስለሚቀጠቅጡ፣ እኛም ሸክላ ስለምንሠራ፣ ቡዳ ናቸው፣ በዐይናቸው ይበላሉ ይሉናልና። አንድም ቀን የሰው ልጅ አይተሽ ሲያምር ብለሽ አታውቂም። ነገ ቢያስለው በላችው ይባላል። ያሳድግልሽ ትያለሽ፣ እሱንም ለመሬቱ። ከልማዱ የተነሣ እኔን ልጅሽን እንኳ ስትስሚኝ ዐይንሽን ትጨፍኚ ነበር። ይህ ያናድደኝ ነበር፣ እምዬ። ሳልነግርሽ ቀረሁ።

ዘመዶቻችን በመንግሥት ለውጡ ዓመት ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ አንቺ አልጋ የያዘች እናቴን ጥዬ አልሄድም ብለሽ ቀረሽ። መንደራችንም አምስት ቤት ብቻ ሆነ። የክርስቲያኗ ጎረቤታችን የወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅ ማሬ የታመመችው ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ነው። አራት ዓመቷ ነበር።

ሰዎች ደጃችን መጡ። እንትፍ ትበልባትና ትልቀቃት አሉ። እምቢ ብትይ ቤቱ እንደሚቃጠል ማንም አልተናገረም፤ ሁላችንም ግን ሰምተነዋል። አምስቱ ቤት ጸሎት ቤቱ ደጅ ተሰበሰበ። ወንድሜ ታከለ ደሙ ፈልቶ፣ ክረምት ደርሷል፣ ማረሻቸውን መሥራት እንተውና በጥፍራቸው ይረሱ አለ። የእኛው ቄስ መለሰ ደግሞ፣ ዛሬ ከተፋችላቸው ነገ በግ ባነጠሰ ቁጥር የምንጠራው እኛ ነን አሉ። አንቺ ሁሉም ተናግሮ ሲበቃው፣ አልተፋም፣ ልጅቱን ግን ልያት አልሽ።

የሰው ልጅ ፊት ቀና ብለሽ ስታዪ ያየሁሽ ያን ቀን ነው። የዐይኗን ቆብ ገለጥሽ፤ ብርዱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣባት ጠየቅሽ፤ ከዛሪማ ቆላ ከዘመድ ቤት ከተመለሱ ስንት ቀን እንደሆናቸው ጠየቅሽ። ንዳድ ነው፣ የቆላ ወባ፣ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ውሰዷት አልሽ። ከእኔ በፊት የወለድሽው ልጅሽ በንዳድ እንደሞተ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

እኛ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ከተነካካን ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ቤታችን አንገባም። አትንኩኝ እያሉ የሚያሾፉብንም ለዚህ ነው። ወንዶቻችን ማሬ የተኛችበትን ቃሬዛ አይተው አመነቱ። ቄስ መለሰ ግን፣ ተሸከሙ፣ ወንዙ የትም አይሄድም አሉ። ሲፎክር የነበረው ታከለ የፊቱን በኩል ያዘ። እስከ ጤና ጣቢያው በሩጫ አደረሷት።

ታጥበው በእርጥብ ልብሳቸው ሲመለሱ፣ ለገበያ ያዘጋጀሻቸው ገንቦና ድስቶች ደጃችን ላይ ተከስክሰው ነበር። ሰዎቹ ናቸው፤ በሽታውን እንዴት ዐወቀችው፣ የበላ ነው የሚያውቀው ብለው ነው። ማሬ ስትድን ደግሞ ለቀቀቻት ተባለ። ብትሞት በላቻት፣ ብትድን ለቀቀቻት። ያን ሰሞን ሁሉንም ጠላኋቸው። አንቺንም ጭምር፣ ቁጭ ብለሽ ገሉን ስለለቀምሽ። ፈጭተሽ ለአዲሱ ጭቃ ጨመርሽው፤ ገል ያልገባበት ሸክላ እሳት አይችልም ብለሽ እኔንም አስፈጨሽኝ።

በሚቀጥለው ገበያ የአምስቱ ቤት ሴቶች ያላቸውን ዕቃ ይዘው ግራና ቀኝሽ ተቀመጡ። የሚሸጡት ያልነበራቸው የቤታቸውን ድስት አጥበው አመጡ። ቄስ መለሰም ዳዊታቸውን ዘርግተው ከኋላችን ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ አንዲትም ሴት ብቻዋን ገበያ ተቀምጣ አታውቅም። ለፖሊስ አመለከትን፤ ቃላችንን ጻፉ፣ በዚያው ቀረ። ሽማግሌዎች ግን ተቀምጠው ካሳሽ ምን ይሁን አሉሽ። አንቺ፣ ልጆቻችሁን አትሸፍኑብኝ፣ ሌላ አልፈልግም አልሽ። እሺ አሉ፤ ተማማሉ። መሸፈኑን ግን አልተዉም፤ አንቺም ዐይንሽን ከመሬት አላነሣሽም።

አሁን ደግሞ ያለፈውን ወር ስሚኝ። ማሬ አግብታ ወልዳለች። ልጇን አዝላ ድስት ልትገዛ መጣች። ድስቱን ቆርቁራ ድምፁን ልትሰማ ብላ ሕፃኑን ፈታችና ለአስቴር አቀበለቻት። አስቴር ተቀብላ ዐይን ዐይኑን እያየች፣ ውይ ሲያምር አለች፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? እጄን ሰድጄ የልጄን አንገት ወደ መሬት ደፋሁት። ያን ሁሉ ዓመት የተናደድሁበትን ነገር በገዛ እጄ አደረግሁት። አስቴር እጄን አስጥላ ቀና አለችና ምን ሆነሻል አለችኝ።

ሦስት ቀን መንገዱን ሳይ ዋልሁ፤ ልጁ ቢያስለውስ፣ ቢያተኩሰውስ እያልሁ። በአራተኛው ቀን ማሬ ፊቷን ቋጥራ ስትመጣ፣ ልጁ ታሟል አልሁ። ደጃፉ ላይ ቆመችና ድስቱን አስቀመጠችው። ያፈሳል አለች። ሽሮዬን እሳት ላይ ደፋብኝ፣ እናትሽ እንዲህ ያለ ዕቃ ሸጣልን አታውቅም አለች።

እምዬ፣ በሳቅና በለቅሶ መካከል ቀረሁ። ድስቱ እውነትም በደንብ አልተተኮሰም፤ አስቴር ቸኩላ ነው። አንቺ ብትኖሪ እፍረቱ ይገድልሽ ነበር። ሌላ መርጬ ሰጠኋት፣ ይኸንንም ቆርቁራ፣ አገላብጣ፣ እያጉረመረመች ወሰደችው። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነበር፣ ፊቱ አልተሸፈነም። ቀና ብዬ አየሁት። አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ፣ ጉንጩ የተላላጠ። ሲያምር አልሁ። ማሬ ዞር ብላ፣ አባቱን ነው የመሰለው ብላ ሄደች።

ያረፍሽ ቀን ረጅም ጊዜ አየሽኝ። እንደዚያ አይተሽኝ አታውቂም ነበር፤ የዐይንሽ ቀለም ወደ ማር የሚያደላ መሆኑን ያን ቀን ዐወቅሁ። ከዚያ በእጄ ከደንኩት። በየዓመቱ ተዝካርሽን ስናወጣ፣ በየገበያው ቦታሽ ላይ ስቀመጥ አስብሻለሁ። የአስቴርን አንገት ግን ሁለተኛ አልደፋም። ይኸን ለአንቺ ማልሁ።

ልጅሽ