ጫማ ልግዛልሽ ያልሽኝ ዕለት

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ልጅሽ ሊድያስ ደህና ናት? በሽታው ሰፈራችሁ እንዳልገባ ሰምቻለሁ፤ ጌታ ይመስገን። እኔ ደህና ነኝ። በማስክ ተሸፍኜ ስውል የሚታየው ዓይኔ ብቻ ስለሆነ የምሠራላቸው መዳሞችም ምን ሆነሻል ብለው አይጠይቁኝም።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ሲሆን ገና ሳልጀምር ትስቂና ወሬውን ወደ ሌላ ትወስጂብኛለሽ። አሁን በረራ ስለተከፈተ እዚህ የምትሠራው ጌጤነሽ አገር ቤት ስትገባ ታደርስልሻለች።

በሐዝሩ ጊዜ፣ በኮሮናው ሰዓት እላፊ፣ ሳይረን እየተነፋ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋበት፣ መንጋጋዬን አመመኝ። አስራ አንድ ቀን ቅርንፉድ ነክሼ ሰነበትኩ። አብራኝ የምትኖረው ሳራ ክሊኒክ ሁሉ ዝግ ነው እያለች አዘነችልኝ። እኔ ደግሞ እንኳንም ተዘጋ አልኩ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፤ ፎቅ ላይ ተንጠልጥዬ መስኮት እወለውላለሁ፤ የጥርስ ሐኪም ወንበር ሳይ ግን ወደ በሩ እሮጣለሁ።

ሲከፈት ሳራ እየጎተተች ሽሜሳኒ ሰፈር ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ዶክቶራዋ ፊት አፌን መክፈት አቃተኝ። አልተቆጣችኝም። ወንበሩን ቀና አድርጋ ፍርሃቱ መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀችኝ። በዓረብኛ ነገርኳት።

ጫማ ልግዛልሽ ብለሽ ገበያ እንደወሰድሽኝ ነገርኳት። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም። ቀይ ይሁን ጥቁር እያልኩ እየዘለልኩ ሄድኩ። ከጫማ ተራው አልፈን ያ ጥርስ ነቃይ ሰውዬ ቤት ስንገባ እንኳ አልጠረጠርኩም። ጉጠቱን ሳይ ወደ አንቺ ሮጥኩ፤ አንቺም አቀፍሽኝ። እሱን ነው የማልረሳው። እንዳቀፍሽኝ እጆቼን ጥርቅም አድርገሽ ይዘሽ፣ በል ቶሎ ንቀልላት አልሽው። ይኸው እስከ ዛሬ ነክሳኝ ነበር እያልሽ ለጎረቤት ታወሪዋለሽ። ጫማውንም አልገዛሽልኝ።

ዶክቶራዋ እንዲህ የሚሆን ሰው ብዙ ነው አለችኝ። ሕመሙ ይረሳል፤ ያመኑት ሰው አታልሎ መያዙ ግን አይረሳም አለች። ከዚያ ግራ እጅሽን ስታነሺ አቆማለሁ አለችኝ። አላመንኳትም። ሦስት ጊዜ አነሳሁ፤ ሦስቴም አቆመች። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሳራ አሟት ነው ብላ አሰበች። ምን ያመኛል፣ አደንዝዛኛለች እኮ። በቃ ስል የሚያቆምልኝ ሰው ከዚያ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም።

እዚህ ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ ስትልኪኝም እንደዚያው ነበር። አንዲት ብቸኛ አሮጊት ናት፣ እንደ ልጇ ታይሻለች አልሽኝ። ስደርስ ኡም ሱማቅ የሚባል ሰፈር ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ ዘጠኝ ሰው ጠበቀኝ፤ ፓስፖርቴንም ከእጄ ወሰዱት። ከዚያ ቤት ወጥቼ በሰዓት መሥራት እስክጀምር ድረስ፣ ደላላው ሁለታችንንም ሸወደን እያልኩ ለአንቺ ሳዝን ኖርኩ። አምና ግን ደላላው ገዛኸኝ ራሱ፣ ሁሉንም አስቀድሞ እንደነገረሽ በስልክ አጫወተኝ። እትዬ፣ እያወቅሽ ነው የላክሽኝ። 

አሁን ደግሞ በድምፅ መልእክት፣ ሊድያ እዚያ ለመምጣት እያመነታች ነውና አግባቢልኝ፣ አንቺን ታምናለች፣ ሥራው ቀላል ነው በያት አልሽኝ። አልላትም። ልጅቷን ይዤ አላስነቅልልሽም። መምጣት ከፈለገች ይህን ሰምታ ትምጣ፦ ለዘጠኝ ሰው ታጥቢያለሽ፣ ለዘጠኝ ሰው ታበስያለሽ፣ ዓርብም አታርፊም፣ ፓስፖርትሽን አታዪውም። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ትናፍቂኛለሽ፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን በሰላም ይጠብቅልሽ።

አንቺ ፊደል እንዳልቆጠርሽ አውቃለሁ። በዚያ ቤት ማንበብ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነም አውቃለሁ። ሊድያ፣ የኔ ልጅ፣ እዚህ ድረስ ጮክ ብለሽ አንብበሽላት ከሆነ፣ አሁን እናትሽ የምታውቀውን ሁሉ አንቺም አወቅሽ።

ታናሽ እህትሽ፣
ለምታነብልሽ ደግሞ አክስቷ